ወፏን የደበቀ ሰው

አያ ታዘበው ቃል አይወጣውም ይባል ነበር። ሚስቱ ባንቺዓለም ጎረቤቶቿን ለማሳቅ፣ «የእኛ ሰውዬ ከገበያ ሲመለስ በግ ይግዛ ፍየል የማውቀው በረት ውስጥ ሲጮህ ሰምቼ ነው» ትል ነበር። እሱ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለት በሬ ያለው፣ ባላባትም ቄስም ያልሆነ ገበሬ ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ የግራ እጁ ትንሽ ጣት ተሰብራ ስትድን ተጣማ የቀረች። ከሞጣ ወደ ቢቸና በእግር ሲኬድ ግማሽ ቀን ላይ ያለችው የወይራ ጊዮርጊስ ደብር ሰው ግን ስሙን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አያ ታዘበው የአውጫጭኝ ሽማግሌ ነበር።

ዛሬ አውጫጭኝን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ክምር ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲሰወር ደብሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወንዶቹ ወደ ቤታቸው አይመለሱም፤ አይታረስም፣ ገበያም አይኬድም። ሴቶቹ በየተራ ምሳ ያመላልሳሉ። የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ «እገሌ ነው» አይልም፤ ቢል ከጥፋተኛው ዘመዶች ጋር ደም ይቃባል። ለተመረጡት ሽማግሌዎች ብቻ በሹክሹክታ ይነግራል። እነሱም በመጨረሻ ቆመው፣ «ወፍ ነገረችን፤ እገሌ ነው» ይላሉ። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ሽማግሌዎቹ ወደ ሜዳው ከመውጣታቸው በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ «ወፏን ባወጣ እንደ አርዮስ፣ እንደ ይሁዳ ያድርገኝ» ብለው ይምላሉ። አያ ታዘበው ይህን መሐላ በዕድሜው ሰባት ጊዜ ምሏል። ዝምታው ከተፈጥሮው ይሁን ከመሐላው የመጣ፣ እኔ ባወቅሁት ጊዜ ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የአንድ ሀብታም ገበሬ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። ክምሩን የሚጠብቁ አያ ፋንታ የሚባሉ ሽማግሌ ከሥሩ ተኝተው ኖሮ አብረው ሞቱ። አውጫጭኝ ተጠራ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልተነፈሰም። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ወልደ ኪዳን፣ የአያ ታዘበው የሽምግልና ጓደኛ፣ ተነሥተው «ወፍ ነገረችን፤ አለበል ነው» አሉ። አለበል ከክምሩ ባለቤት ጋር በርስት ሲሟገት የቆየ ሰው ነበር። ቤቱ ሲፈተሽ ጫፉ የተቃጠለ ጋቢ ተገኘ። «ምድጃ አጠገብ ተኝቼ ነው የተቃጠለው» ብሎ ካደ። ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት ወርዶም እንደካደ በሁለተኛው ዓመት በተስቦ ሞተ።

ስሙን መሪጌታ እንጂ አያ ታዘበው ያልጠራበት ምክንያት ነበረው። ከቃጠሎው በፊት በነበረው ክረምት ከአለበል ጋር በውሃ ቦይ ተጣልተው፣ ጣቱን የሰበረው የአለበል ዱላ ነው። እሱ ቢጠራው «ለጣቱ ነው» ይባል ነበር። በዚያው በሦስተኛው ቀን ለሽማግሌዎቹ ምሳ የማምጣት ተራው የአለበል ቤት ስለነበር ደግሞ፣ «ምሳውን በልተው አሰሩት» የሚል አባባል በአገሩ ቀረ። ውለታ የረሳ ሰው የሚሰደብበት ሆነ።

አለበል ሚስቱን ማናለሽንና የአምስት ዓመት ልጁን ውበቴን ትቶ ነበር የሞተው። ማናለሽ ሌላ አላገባችም። መሬቱን በእኩል እያሳረሰች ልጇን አሳደገች፤ በየዓመቱ ባሏ የሞተበትን ቀን ዳቦና ጠላ ይዛ ደጀ ሰላም ትሄዳለች። ሴቶች «እንደ ማናለሽ ያለች መበለት» ብለው ልጆቻቸውን ይመክሩባት ነበር። ውበቴ አድጎ ጠመንጃ ገዛ። ሠርግ ላይ ሲፎክር የአባቱን ስም ይጠራና፣ አባቱን ያስበላችውን ወፍ አንድ ቀን ከነጎጆዋ እንደሚያወርዳት ይምላል። ሰው ይስቅለታል፤ የአለበል ወንድሞች ግን አይስቁም ነበር።

እኔ ወደዚያ ደብር የሄድሁት በ1963 ክረምት ነው። ሞጣ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም እናቴ የወይራ ጊዮርጊስ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርሁ። የውጭ አገር ሰው የሆነው መምህራችን የሕዝብን ባህል ከሽማግሌዎች አፍ እንድንሰበስብ መቶ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ያለበት ደብተርና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ሰጥቶ ላከን። ደጋግሞ የነገረን አንድ ነገር ነበር። መረጃ ሰጪው ያለው መረጃ ነው፤ እናንተ የጠረጠራችሁት መረጃ አይደለም።

ገበሬው ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት በግብር ነገር ከመንግሥት ጋር ተታኩሶ ስለነበር ደብተር የያዘ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኔን ያስገባኝ የእናቴ ስም ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ ቴፑን «ሣጥኑ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ዘፈን ዘፈኑበት፣ ቀረርቶ አቀረሩበት፣ መልሼ ሳሰማቸው ሳቁ። ስለ አውጫጭኝ ስጠይቅ ግን ሁሉም ወደ አንድ ቤት ይጠቁማል። ባንቺዓለም ደጇ ላይ ቆማ የመጣሁበትን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

«ሠላሳ ዓመት ለእኔ ያልነገረኝን ለሣጥን ሊነግር? ግባ፣ ልጄ፣ ግባ። ሲናገር ጥራኝና እኔም ልስማ።»

አያ ታዘበው ግን አናገረኝ። እኔ አሁንም ለምን እንደሆነ አስባለሁ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ሥርዓቱ ጠየቅሁት፤ ማን እንደሚጠራው፣ ሰው በምን እንደሚቀመጥ፣ ሽማግሌ በምን እንደሚመረጥ። እንደ ተማሪ በየተራ መለሰልኝ። በስድስተኛው ቀን ዝናብ ይዞን ቤት ውስጥ ጎታው አጠገብ ተቀምጠን ነበር፤ ባንቺዓለም ጎረቤት ሄዳለች። ደብተሩ ላይ ያለው ጥያቄ ሰው ሁሉ በሚያይበት ሜዳ ላይ ወፍ ሳትታይ እንዴት ወደ ሽማግሌ እንደምትደርስ የሚል ነበር። አያ ታዘበው ቴፑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ሣጥኑ ይምላል?» አለኝ።

ሣጥን መማል እንደማይችል ነገርሁት።

«እንግዲያ አንተ ማልለት።»

የማንንም ስም እንዳላወጣ ማልሁለት። በጊዮርጊስ ስም፣ እሱ በነገረኝ ቃል ነው የማልሁት። የወፏ ነገር የመሐላ ነገር ስለሆነ፣ በእሱ ቤት እኔ በዚያች ሰዓት እንደ እሱ የአውጫጭኝ ሽማግሌ ሆንሁ ማለት ነው፤ የሰማሁት ከእኔ ጋር ይቀበራል። በእኔ ቤት ግን ስም አላወጣም ብዬ ነበር፤ ስም ካልወጣ ሌላው ሁሉ ትምህርት ነው። በዚያ አገር ሽማግሌ የሆነ ሰው ይህን አይሳሳትም። ከተማ ያደገ ነው የሚሳሳተው።

ከዚያ ስለ አንድ አውጫጭኝ ነገረኝ፤ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አልነገረኝም። ሁለት ቀን ማንም ሳይናገር እንደቆየ፣ እነሱም ተስፋ ቆርጠው እንደነበር አወራኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳ መጣ። አገልግሉን የከፈተው እሱ ነበር። በእንጀራው እጥፋት መካከል የመዳፍ ስፋት ያለው የተቃጠለ የጋቢ ጫፍ ተቀምጧል። አወጣውና መሐረቡ ውስጥ ከተተው፤ ማንም አላየም። ድምፁ እዚህ ላይ ይቆራረጣል። ቴፑን ዛሬም የሚያዳምጥ ሰው ይሰማዋል።

«ያን የከተተ ሰው ምን እንዳጣ እኔ አውቃለሁ» አለ። «ዝም ቢል ኖሮ ቤቱ አይፈርስበትም ነበር። ግን የሞተው ሽማግሌ ጎረቤቱ ነው፤ ጧት ማታ እግዜር ይመስገን የሚባባሉ። ጦርነት ሄጃለሁ፣ የተኮሰም የወደቀም አይቻለሁ። ያን የሚያህል ልብ ግን አላየሁም። ይህንን ለማን እነግረዋለሁ? አንተ እንግዳ ነህ፤ ይዘኸው ትሄዳለህ ብዬ ነው።»

ወፏ ማን እንደሆነች አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ያ ታሪክ የአለበል እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። በዚያ ደብር ያን የማያውቅ ብቸኛ ሰው እኔ ነበርሁ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን የፍልሰታ ጾም ተፈታ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላም ውስጥ ተቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ሣጥኑን አምጣ አሉኝ። ዘፈናቸውን አሰማኋቸው፤ ቀረርቶውን አሰማኋቸው። ከዚያ አንዱ፣ «የታዘበውስ? እውነት ተናገረ?» አለና ሳቅ ሆነ። አያ ታዘበው በሌላ ደብር ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ሄዶ አልነበረም። ይህን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ለራሴ «ስም የለበትም» አልሁ። የስድስተኛውን ቀን ቴፕ ጨመርሁ።

መጀመሪያ ላይ ሳቁ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ስንል ለካ ቃል ሞልቶት ነው» አሉና ሳቁ ባሰ። ባንቺዓለም ራሷን እየነቀነቀች፣ «ድምፁስ የእሱ ነው» ትላለች። ከዚያ ቴፑ ሦስተኛው ቀን አለ። አገልግል አለ። የጋቢ ጫፍ አለ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላስተዋልሁም፤ ቀና ስል ፊቶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረው ነበር። አንዲት ሴት ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ሦስተኛው ቀን እኮ ተራው የእነ አለበል ቤት ነበር» አለች። ማናለሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ ደጁን ተሳለመችና በዝናቡ ውስጥ ወጥታ ሄደች።

ውበቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ቴፑ እስኪያልቅ ድረስ ሰማ። መዝጋቱ እስከዚያ ድረስ ትዝ አላለኝም።

ያን ዕለት ከሰዓት ውበቴ እናቱን እንደጠየቃት፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታው እንዳልመለሰችለት ጎረቤቶች ሰምተዋል። ልብሱን ይዞ ወደ አባቱ ወንድሞች ሄደ። እነሱም የሚሉትን አሉት። ወንድማችንን ያስበላች ሴት ወንድማችን ቤት ተቀምጣ አትከርምም፤ ደሙ የአንተ ነው፤ እስከ እሑድ ካልሆነልህ የእኛ ነው። ይህን የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ለማስፈራራት የተባለ እንዳልሆነም ነገሩኝ።

በማግስቱ ማለዳ አያ ታዘበው ደጅ ላይ ነበርሁ። ከሄደበት ተመልሶ ሁሉን ሰምቷል። አልተቆጣኝም። የቀንበር ጠፍር እያለፋ፣ ሳያየኝ፣ «ሣጥኑን አላስማልሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ያን ጊዜ ውበቴ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ መጣ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከኋላው እየተከተሉት ነበር። ሰላምታ አልነበረም።

«አያ ታዘበው፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የዚያን ቀን ምሳው የመጣው ከማን ቤት ነው?»

«ከእናንተ ቤት።»

«እንግዲያ ወፏ እናቴ ናት።»

አያ ታዘበው ጠፍሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባንቺዓለም በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷን አንድ ጊዜ አያት።

«ወፍ አልነበረችም» አለ። «ጨርቁን የከተትሁት እኔ ነኝ።»

ውበቴ አልገባውም። እኔም አልገባኝም። አያ ታዘበው በዚያ ደብር ሰምተነው በማናውቀው ርዝመት ተናገረ። አለበል እንዳለው ጋቢው የተቃጠለው ምድጃ ላይ ነበር። አንድ ማለዳ በደጁ ሲያልፍ የተቆረጠውን ጫፍ አመድ ላይ ወድቆ አየው፤ አነሣው። ሦስተኛው ቀን ላይ አገልግሉን ሲከፍት ራሱ ከተተው፤ ራሱ አወጣው፤ ለመሪጌታም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ አሳያቸው። ይህን ሲናገር የግራ እጁን ከፍ አድርጎ የተጣመመችዋን ጣት አሳየ።

«ለዚህች ነው» አለ።

«ለሣጥኑ ያለቀስህለትስ? ያን የሚያህል ልብ አላየሁም ያልኸው?» ውበቴ አንቱ ማለቱን ትቶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ደብር አያ ታዘበውን አንቱ ያለው ሰው የለም።

«ለሣጥን ማን እውነት ይናገራል? ልጁ ተረት ፈለገ፤ ተረት ነገርሁት።»

ውበቴ ጠመንጃውን አወረደ። መሪጌታ በመካከላቸው ገቡ፤ መቋሚያቸውን ዘርግተው ቆሙ። ልጁ ግን አልተኮሰም፤ ተቀመጠና አለቀሰ። ዐሥራ ሰባት ዓመት የክምር አቃጣይ ልጅ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ባሏን ያስበላች ሴት ልጅ። በአንዲት ቃል ሁለቱም ተነሡለት። ያን ፊቱን ካየሁ በኋላ ውሸቱን ላምነው የፈለግሁት እኔም ጭምር ነበርሁ።

የአለበል ወንድሞች በቃል ብቻ አላመኑም፤ ይማል አሉ። ውበቴም ሣጥኑም ይስማው አለ። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አያ ታዘበው ከሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ። ወደ እኔ ሳያይ፣ «ወፍ እንደነበረች የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን» አለኝ። «አንተ ደግሞ ምለሃል።» ከዚያ ቀድሞኝ ሄደ።

በጊዮርጊስ ደጅ ቆሞ ማለ። ቃሉን እነሆ፣ ከቴፑ እንደገለበጥሁት፦ «ወፍ አልነበረችም። ጨርቁን ከአመድ አንሥቼ የከተትሁት እኔ ነኝ። ያደረግሁትም ለጣቴ ነው። ሐሰት ብናገር እንደ አርዮስ፣ እንደ ይሁዳ ያድርገኝ።»

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደሙን አደረቁት። የአያ ታዘበው መሬት ለውበቴ ሆነ፤ እሱ ራሱም ከደብሩ ይውጣ ተባለ። ባንቺዓለም አብራው አልሄደችም። «በንጹሕ ሰው ላይ ወፍ ፈጥሮ ሲኖር እኔ ጎኑ ተኝቼ ነበር» አለች፤ ሴት ልጇ ዘንድ ገባች። የሚነግራት መስሎኝ ነበር። አልነገራትም። የሚሄድበት ቀን አንድ ከረጢትና የጠፍር ማልፊያውን ይዞ ወጣ፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ሞጣ ደረስን።

ሞጣ ውስጥ ከአንድ ደብር ቅጥር ውጭ የተጠጋች ጎጆ አገኘ። ጠፍር እያለፋ ለገበሬ ይሸጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ግን አይገባም፤ ቅዳሴ ሲቀደስ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይሰማና ሲያልቅ ይመለሳል። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ወደ እሱ እሄድ ነበር። ጽሑፌን ያስረከብሁ ዓመት ምን ብለህ ጻፍህ አለኝ። በአማርኛ እየመለስሁ ነገርሁት። አንድ የአውጫጭኝ ሽማግሌ በራሱ አፍ እንደመሰከረው ወፍ የምትባለው አንዳንዴ ለግል ቂም የተፈጠረች ናት፤ ሥርዓቱም ለኃይለኛ ሰው መሣሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። መምህሬ ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጦ ወዶታል። በዳርቻው ላይ «ብርቅ ምስክርነት» ብሎ ጽፎበታል።

አያ ታዘበው እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ስም አለበት?» አለ።

የለበትም አልሁት።

«ደግ ጽፈሃል።»

ደግ እንዳልሆነ፣ ያቃጠለኝ ነገር እንደሆነ ልነግረው ሞከርሁ። ቢያንስ ለአንድ ቄስ ተናዘዝ፣ የነፍስ አባት ምሥጢር አያወጣም አልሁት። እሱ ይህን ሁሉ ሳያስብበት የቀረ መስሎኝ ነበር።

«ብናዘዝ ወፏን ማውጣት አለብኝ» አለ። «ሁለት መሐላ ምያለሁ። አንዱን ልጠብቅ ብዬ ሌላውን በላሁት። ሁለቱንም ከበላሁማ ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

በ1966 የካቲት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ቆሞ ተማሪ ሲታሰር፣ አያ ታዘበው በሳል ሞተ። ሳይናዘዝ፣ የነፍስ አባት ሳይኖረው። የሞጣው ቄስ እናቴን አክብረው እንጂ አይቀብሩትም ነበር፤ በቅጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ በሚጣልበት በኩል ያለ ፍትሐት ተቀበረ። ሬሳውን የተሸከምነው አራት ሰዎች ነን፤ ከወይራ ጊዮርጊስ የመጣ አልነበረም።

ያ ቴፕ ዛሬም አንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ። ጽሑፌን የሚጠቅሱ ሰዎች እንዳሉ እሰማለሁ። ውበቴ ከጊዜ በኋላ በጦርነት ሞተ፤ የአባቱ ወንድሞችም፣ መሪጌታም አልፈዋል፤ ማናለሽም ባለፈው ዓመት አረፈች። የሚጎዳ ሰው የለም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ቴፑን ስጨምርም ስም የለበትም ብዬ ነበር። አሁንም ያው ሰው ልሁን አልሁን፣ አላውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ለማናለሽ ልነግራት ሄጄ ነበር። በዚያው ቤት፣ ከልጇና ከምራቷ ጋር ትኖራለች፤ የአያ ታዘበው መሬት አጃው ታጭዶ ከደጇ ይታያል። ብቻዋን ስትሆን ጠብቄ መሞቱን ነገርኋት። ምስር ትለቅም ነበር፤ እጇ አልቆመም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ያ ሣጥን ላይ ያለው ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ጨርቁን የከተተው እሱ ነው ይላል አልኋት።

«እንግዲያ እንደዚያው ነው» አለች።

ልሄድ ስነሣ ወደ ጓዳ ገባች። በቅጠል የተጠቀለለ ጧፍ ይዛ ወጣች፤ ሰምና ጥጥ ለዓመት ያህል ተሰብስቦ የተሠራ፣ ብዙ ጧፍ። ለማን ነው ቢሉህ ለሞተ ሰው ነው በል አለችኝ። ፊቷን ማየት አልቻልሁም፤ ደጁ ላይ ወደሚታየው መሬት ዞራ ነበር።

ጧፉን ይዤ ሞጣ ገባሁ። ቄሱ ተቀበሉኝና የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ ጸሎቱ ያለ እሱ አይደርስም። አላውቅም። ለመቶ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ መልስ የሞላሁለት ሰው ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳረሰ፣ ስንት ጊዜ እንደማለ፣ በስንት ዓመቱ እንዳገባ ደብተሬ ላይ አለ። የክርስትና ስሙን ግን ደብተሩ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ተመልሼ የግማሽ ቀን መንገድ ሄድሁ። ባንቺዓለም ልጇ ቤት ደጅ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ዓይኗ ደክሞ ነበር። ማንነቴን ነገርኋትና የአያ ታዘበውን የክርስትና ስም ጠየቅኋት። ለማን ነው አለች። ለጸሎት ነው አልኋት። አያ ታዘበው ሞጣ ውስጥ ዘመድ እንደሌለው፣ እኔም የሞጣ ሰው እንደሆንሁ ታውቃለች።

«ለጸሎትማ ገባኝ» አለች። «ማን ነው የላከህ?»

ዝም አልሁ።

ፊቷን ወደ እኔ አቅንታ ቆየች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ መያዝ ጀመሩ፣ ለቀቁት፣ እንደገና ያዙት።

«አንተንም አስተማረህ?» አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለብዙ ጊዜ ያልጠራችውን ስም እንደምታስታውስ ሰው፣ «ኃይለ ጊዮርጊስ ነው» አለች። ደግማም ነገረችኝ፤ እንዳልረሳው።